ስማቸውን አደራ የሰጡን ሰዎችና ክፍት የተውነው መስኮት



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትተናል፤ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ። ግን በየከተማው የመድረሳ ምዝገባን፣ የሰደቃ ዝርዝርን፣ የጀመዓ መዋጮን በኮምፒውተር የሚይዙ ወጣቶች እየበዙ ነው። አንዳንዶቻችሁም "ሊኑክስ ነው፣ ምንም አይነካውም" ብላችሁ እንደኛ ተዝናንታችሁ ተቀምጣችሁ ይሆናል። ስለዚህ ሐፍረታችንን ዋጥ አድርገን የሆነውን እንዳለ እንነግራችኋለን። ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እኛ አምስት ነን። አንዱ ስልክ ይጠግናል፣ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ አንዱ መምህር ነው፣ ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። በሰፈራችን ለረመዳን ዱቄት፣ ዘይትና ተምር የሚደርሳቸውን ቤተሰቦች ዝርዝር የምንይዘው እኛ ነን። ዝርዝሩ ድሮ በደብተር ነበር። ደብተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዘይት ፈሰሰበት። በዚህ ተማርረን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራውን ወደ ኮምፒውተር ወሰድነው። ገልፍ የሚሠራ አንድ ጓደኛችን በካርዱ በወር ጥቂት ዶላር እየከፈለ ትንሽ የሊኑክስ ሰርቨር ተከራየልን። ኡቡንቱ ጫንን፣ ዳታቤዝ ጫንን፣ ከስልክ የሚሞላ ቅጽ ሠራንለት። ሠራ! በጣም ኮራን። ከ300 በላይ ቤተሰቦች፣ ስም ከነስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ የልጆች ብዛት፣ "ማስታወሻ" የሚል ሳጥንም ጭምር። ስለዚህች ሳጥን ኋላ እንመለስበታለን።

የሻዕባን ወር ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ዝርዝሩን ልናትም ተሰበሰብን። ገጹ አልከፍት አለ። ኔትወርኩ ነው አልን። እኛ አገር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ኔትወርክ ነው። እንዲያውም ካሰብነው ገጹ መንቀርፈፍ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን ጥፋቱን ለኔትወርኩ ሰጥተን ነው የሰነበትነው።

በመጨረሻ ወደ ሰርቨሩ ገብተን ምን እየሠራ እንደሆነ ስናይ ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዟል። የያዘው ፕሮግራም ስሙ ከሊኑክስ የራሱ የውስጥ ሥራ ስም ጋር በአንድ ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚለየው፤ ቶሎ ያየው ሰው "የስርዓቱ ነው" ብሎ እንዲያልፈው። ዘጋነው። ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ተነሣ። እንደገና ዘጋነው፤ እንደገና ተነሣ። ክሮን የሚባለውን፣ በየሰዓቱና በየደቂቃው የሚሠሩ ሥራዎች የሚመዘገቡበትን ቦታ ስንከፍት እኛ ያልጻፍነው አንድ መስመር አገኘን፤ ፕሮግራሙ ከጠፋ ከኢንተርኔት አውርዶ እንደገና የሚያስነሣ ነው። የባሰው ደግሞ ወደ ሰርቨሩ መግባት የተፈቀደላቸው ቁልፎች በሚቀመጡበት ፋይል ውስጥ የማናውቀው ቁልፍ ተቀምጧል። ፓስወርዱን ብንቀይር እንኳ ሰውየው በራሱ ቁልፍ ይገባል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ የሞኔሮ ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ሞኔሮ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የሚቆፈርበት ስሌት በተራ ፕሮሰሰር እንዲሠራ ተደርጎ የተነደፈ ስለሆነ፣ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ለዚህ ነው መንታፊዎች እንደኛ ያለችውን ሚስኪን ሰርቨር የሚወዷት። መብራቱን ሌላ ሰው ይከፍላል፤ ኪራዩንም ጓደኛችን ከጉልበቱ ዋጋ ይከፍላል።

አሁን ወደሚያሳፍረን ክፍል ገባን። የመጀመሪያ ሥራችን ሰው መጠርጠር ነበር። ካለፈው ዓመት ረመዳን በኋላ በዕቃ ግዢ ጉዳይ ተጋጭቶን ከመሐላችን የወጣ አንድ ወንድም ነበር። ኮምፒውተር ያውቃል፤ ሰርቨሩንም ሲጫን አብሮን ነበር። አንዳችን ስሙን ጠራ፤ ሌሎቻችን ዝም አልን። ዝምታው ራሱ ፍርድ ነበር። "ጠዋት ቤቱ እንሂድ" ተባለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ እህታችን ናት ያስቆመችን፦ "ሎግ የሚባል ነገር የለም እንዴ? መጀመሪያ እሱን አንብቡ" አለች። አላህ ይስጣት።

ሊኑክስ ማን መቼ ሊገባ እንደሞከረ ይመዘግባል። እኛ ያንን ፋይል ሰርቨሩን ከተከራየንበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን ከፍተነው አናውቅም። ስንከፍተው ደነገጥን። በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ሙከራ አለ፤ ሌሊትም ቀንም፣ ዒድም ጁሙዓም አያውቅም። ሩት በሚለው ስም ይሞከራል፣ አድሚን፣ ኦራክል፣ ፖስትግሬስ፣ ኡቡንቱ፣ ቴስት እየተባለ ይቀጥላል። አድራሻዎቹ ከተለያዩ አህጉራት ናቸው። ትንሹ ተማሪ "ይሄን ሁሉ ሰው ምን አድርገነው ነው እንዲህ የጠላን?" አለ።

ማንም አልጠላንም። ስማችንን የሚያውቅም የለም። በተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ ስርዓት ያሉት ቁጥሮች ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ብዙ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሽገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዚማፕ የሚባል መሣሪያ ሠርተው፣ በአንድ ኮምፒውተርና በፈጣን መስመር ያን ሁሉ አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ማንኳኳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ስለዚህ ሰርቨር ስትከራዩ የማንም ዓይን የማያርፍበት ጓሮ ውስጥ ቤት የሠራችሁ አይምሰላችሁ። ሲያንኳኳ የሚውለው ማሽን ነው፤ በሩን የከፈተለት ቤት ውስጥ ይገባል፣ ያልከፈተለትን አልፎ ይሄዳል። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደኅንነት ካሜራዎችንና የኢንተርኔት ራውተሮችን የያዘው 60 ገደማ የሆኑ የታወቁ የተጠቃሚ ስሞችንና ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው። መሣሪያዎቹ ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ዳይን የተባለውን ኩባንያ ሲያጠቁበት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ትልልቅ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፍት ብለው ዋሉ። ስድሳ ፓስወርድ!

እኛ ጋ የገባው እንዴት እንደሆነ ሎጉ አልደበቀልንም። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ "ቴስት" በሚለው ስም የተሰጠው ፓስወርድ ተቀባይነት አግኝቷል። "ቴስት" የሚለውን የፈጠርነው እኛ ነን። አንድ ቀን ቅጹን ለመሞከር ብለን ፈጥረነው፣ ፓስወርዱን "ቴስት 123" አድርገን፣ ለጊዜው ነው ብለን ሙሉ ሥልጣን ሰጥተነው ረሳነው። የሩት ፓስወርዳችን እኮ ረጅም ነበር፤ በእርሱ እንመካ ነበር። እርግጥ ያም ፓስወርድ በቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ ፒን ተደርጎ ነበር የሚገኘው። (አትሳቁ። ግሩፓችሁን አሁን ከፍታችሁ እዩ።)

በውሸት የጠረጠርነው ወንድማችን አካውንትም ሰርቨሩ ላይ አልተዘጋም ነበር። ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜም አልገባበትም። ሊገባ ይችል ነበር፤ አልገባም። ያን ሌሊት ያንን መስመር ደጋግመን አየነው። ዐውፍ ልንጠይቀው ሄደናል፤ የተባለውን ግን እዚህ አንጽፈውም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከቴክኒኩ ይከብድ ነበር። የገባው ፕሮግራም ሥራው ሞኔሮ መቆፈር ነው፤ ዝርዝራችንን ስለመውሰዱ ምልክት አላገኘንም። ነገር ግን ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው የገባው፤ ያ ማለት ሁሉንም ማንበብ ይችላል፣ ያነበበበትን አሻራም ማጥፋት ይችላል። "አልወሰደም" ብለን መማል አንችልም። ታዲያ ለሰዎቹ እንናገር ወይስ ዝም እንበል? ሁለታችን ዝም እንበል አልን፤ ምክንያታችንም "ባልሆነ ነገር ሚስኪን ማስደንገጥ ነው" የሚል ነበር። ኡስታዛችን ዘንድ ሄድን፤ ረጅም ምክር ጠብቀን። "አደራው የማን ነው?" ብለው ጠየቁን። "የሰዎቹ" አልናቸው። "ታዲያ ለእኔ ምን ትነግሩኛላችሁ?" አሉንና ኪታባቸውን ገለጡ።

ለአብዛኛው ሰው ደወልን። አብዛኛው ሰው "ዱቄቱ ይቀራል ወይ?" ብሎ ነው የጠየቀን። "አይቀርም" ስንል "እንግዲያው ችግር የለም" ይሉናል። ጥቂቶቹ ቤት ግን በአካል ሄድን። ከእነዚያ አንዷ አራት ልጆች ያሏት እናት ናት። ጎረቤቶቿ ባሏ ከሳዑዲ ብር እየላከላት የምትኖር ይመስላቸዋል። ባሏ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ድርሻዋን የምንወስድላት ከመሸ በኋላ፣ በጓሮ በር ነው። እኛም በዚያች "ማስታወሻ" በምትባል ሳጥን ውስጥ ይህንኑ ጽፈነዋል፤ ባሏ ጥሏት መሄዱን፣ ጎረቤት እንዳይሰማባት መጠንቀቅ እንዳለብን። አዎ፣ እንዳይሰማ የሚለውን ነው ኢንተርኔት ላይ የጻፍነው።

ሁሉንም ነገርናት። ቆጣ ትላለች ብለን ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና "ልጆቼ፣ እኔ የነገርኳችሁ እንድታውቁልኝ ነው። ማን ጻፉት አላችሁ?" አለችን።

መልስ አልነበረንም። እውነትም ማን ጻፉት አለን? ዱቄት ለማድረስ የሚያስፈልገው ቁጥር፣ ሰፈርና መጠን ነው። ያ ሁሉ ታሪክ ለምን እንደተጻፈ ስንጠያየቅ ቅጹን ስንሠራ "ሳጥን ይኑር፣ ይጠቅም ይሆናል" ያልነው ብቻ ሆኖ ተገኘ። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው እንዲህ ያለ አዋጅ መኖሩን ያወቅነው። ግን አዋጅ ባይኖርም የዚያች እናት ጥያቄ በቂ ነበር። ሰርቨሩን ከማጠራችን በፊት ሰርቨሩ ላይ ምን መቀመጥ እንዳለበት ቆጠርን። ማስታወሻ የምትባለዋን ሳጥን ከነይዘቷ ሰረዝናት። ስሞቹን ከሰርቨሩ አውጥተን በቁጥር ተካናቸው፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት እህታችን ቤት፣ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው። ከመንታፊ ጋር በሚደረግ ትግል ከሁሉ የረዳን ይህ ይመስለናል፤ ፕሮግራም መጫን እንኳ አላስፈለገውም።

ከዚያ ወደ ማሽኑ። ሰርቨሩን "እናጽዳው" ያልን ነበርን። አታጽዱት። ሙሉ ሥልጣን ያገኘ ሰው የቱን እንደነካ አታውቁም፤ ያገኛችሁትን ብታጠፉ ያላገኛችሁት ይቀራል። ዳታውን ብቻ አውጥተን፣ እህታችን በየወሩ እያተመች ከምታስቀምጠው ወረቀት ጋር አመሳከርነው (በዚህ ልማዷ ስናሾፍባት የኖርነው እኛው ነን)፤ ከዚያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ደምስሰን አዲስ ኡቡንቱ ጫንን። የድሮው 18.04 ነበር፤ መደበኛ ድጋፉ በ2023 ስላበቃ የደኅንነት ማሻሻያ አይደርሰውም ነበር። ከዩቲዩብ ያየነው አስተማሪ በእርሱ ስለሠራ እኛም በእርሱ ሠራን፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

በሩን በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ አደረግነው። ከሩቅ ወደ ሊኑክስ የምንገባበት ኤስኤስኤች የሚባለው መንገድ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ችግር ነው። በ1995 ፊንላንድ ውስጥ፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርዶች ሲተላለፉ ይሰረቁ ስለነበር ታቱ ዩሎነን የተባለው ተመራማሪ የሠራው ነው። በቁልፍ ሲሆን ሁለት የሚጣመሩ ፋይሎች ይፈጠራሉ። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ እርሱን ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ሌላው ላፕቶፓችሁ ላይ ይቀራል፤ እርሱ ከእጃችሁ አይወጣም፣ በራሱ የይለፍ ቃል ይቆለፋል። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ቁልፍ፣ የየራሳችን አካውንት። በሁለተኛው ቀን አንዱ ተማሪ "ቁልፌን እንዳልጠፋብኝ" ብሎ ምስጢራዊውን ፋይል ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፎት አገኘነው። ሳቅን፣ ተናደድን፣ አዲስ አስፈጠርነው።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ፤ ሁለቱም ይዘውናል።

የመጀመሪያው፦ የኤስኤስኤች ዋና ማስተካከያ ፋይል ውስጥ በፓስወርድ መግባትን "አይሆንም" አልነው፣ ሩት በቀጥታ እንዳይገባ ከለከልን፣ አስጀመርነው፣ ተቃቀፍን። ከዚያ ለሙከራ ያለ ቁልፍ ልንገባ ስንል ፓስወርድ ጠየቀን። እንዴት? በተከራዩ የኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከዋናው ፋይል ጎን በተቀመጠ ፎልደር ውስጥ አከራዩ ስርዓት የሚተዋት ትንሽ ፋይል አለች፤ እርሷ "በፓስወርድ ይሁን" ትላለች። ኤስኤስኤች ደግሞ ቀድሞ ያነበበውን ነው የሚይዘው፤ ትንሿ ፋይል ቀድማ ትነበባለች። ስለዚህ የጻፋችሁትን አትመኑ፤ ፕሮግራሙ ራሱ በሥራ ላይ ያለውን ማስተካከያ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ያ ትእዛዝ አለው። በመጨረሻም ከሌላ ማሽን ሞክሩት።

ሁለተኛው፦ ፋየርዎሉን ስናበራ "ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ከልክል" የሚለውን አስቀድመን "ኤስኤስኤች ይግባ" የሚለውን ረሳን። ራሳችንን ከቤታችን አስወጥተን ቆለፍን። መግቢያው የአከራዩ ድረ ገጽ ላይ ያለው መስኮት ብቻ ነው፤ የዚያ ፓስወርድ ያለው ደግሞ ገልፍ ያለው ጓደኛችን ጋ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሌሊት ሠርቶ ተኝቷል። አራት ሰዓት ጠበቅነው። ሲነሳ "ምን ሆናችሁ?" አለ፤ "ደኅንነት እያጠናከርን ነው" አልነው። ከዚያ ወዲህ ማስተካከያ ስንነካ አንድ ተጨማሪ መስኮት ክፍት ትተን፣ በአዲስ መስኮት ገብተን ካየን በኋላ ነው የምንዘጋው። የዚያን የአከራይ አካውንትም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አደረግንበት፤ እርሱን የያዘ ሰው ሰርቨሩን ከነፋየርዎሉ ሊሰርዘው ይችላልና።

ክፍት የቀሩት ሦስት በሮች ናቸው፦ 22 ለእኛ፣ 80 እና 443 ለገጹ። አንዳንድ ሰው 22ን ወደ ሌላ ቁጥር ቀይሩት ይላል። ሎጉ ላይ ያለውን ጩኸት ይቀንሳል፣ ከዚያ ያለፈ ጥቅም አለው ብለን አናምንም፤ ቁልፍ ካለ 22ም ይበቃል። ደጋግሞ የሚሳሳትን አድራሻ ለጊዜው የሚያግድ ፌይል ቱ ባን የሚባል ፕሮግራምም ጫንን። ሲጫን እንዳለ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ የተሳሳተን ለአሥር ደቂቃ ያስወጣዋል። እኛ አንድ ቀን አደረግነው።

ዳታቤዙ ግን አስደነገጠን። ዶከር በሚባለው አሠራር ነበር ያስኬድነው። ፋየርዎሉ "ዝግ ነው" ይላል፤ ከስልካችን በሞባይል ዳታ ስንሞክር ግን የዳታቤዙ በር ይከፈታል! ዶከር አንድን በር ለውጭ ግለጥ ሲባል የፋየርዎሉን መስመር ዘሎ የራሱን ሕግ ነው የሚጽፈው። መፍትሔው ዳታቤዙን ከማሽኑ ውስጥ ለሚመጣ ጥሪ ብቻ እንዲመልስ ማሰር ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሞንጎዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ ያለ ፓስወርድ ለኢንተርኔት ክፍት የተዉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባለቤቶች አንድ ማለዳ ተነሥተው ዳታቸው ጠፍቶ፣ በቦታው "ቢትኮይን ክፈሉ" የሚል መልእክት ብቻ አግኝተዋል። የእኛ ቢያንስ ፓስወርድ ነበረው።

ማሻሻያውን አውቶማቲክ አደረግነው። "የሚሠራን ነገር ለምን እንነካለን" የሚል ጥሩ የሚመስል ክርክር በመሐላችን ነበር። ኢኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ድርጅት በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ያስወሰደው፣ መድኃኒቱ በማርች ወር በወጣለት የአፓቺ ስትረትስ ቀዳዳ ነው። ዘራፊዎቹ የገቡት በሜይ። መድኃኒቱ በእጅ እያለ ማለት ነው። ይህን ያነበበው መምህሩ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ባክአፕስ? ነበረን። በየሌሊቱ ይገለበጥ ነበር፤ ወዴት? እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ሌላ ፎልደር ውስጥ። አሁን ስልክ መጠገኛው ሱቅ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አለ። በየሌሊቱ እርሱ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ ይወስዳል፣ ቆልፎ ያስቀምጣል። ሰርቨሩ ወደ ላፕቶፑ የሚገባበት ቁልፍ የለውም፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ባክአፑን ሊነካ አይችልም። መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይሠራል። በዚህም ኮርተን ሁለት ሳምንት ቆየን። አንድ ቀን እስኪ ከባክአፑ እንመልሰው ብለን ስንሞክር አሥራ አራቱም ፋይል ባዶ ነው፤ ዜሮ። የዳታቤዙን አዲስ ፓስወርድ ባክአፑ አልተነገረውም ነበር። አሁን በየወሩ መጀመሪያ ጁሙዓ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ እውነት መመለሱን ያያል። ተራ አለን፤ ተራው ወረቀት ላይ ተለጥፏል።

ስለ አንድ ሰው ሳንነግራችሁ አንጨርስም። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ከሚሠሩት አንዱ። በማርች 2024 ማሽኑ ላይ በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ኔትወርኩ ነው ይላል። እርሱ ግን ምክንያቱን እየተከተለ ሄዶ፣ ኤክስዜድ በሚባል በብዙ ሊኑክስ ውስጥ ባለ የፋይል ማመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። የቀበረው ሰው በሐሰት ስም ከሁለት ዓመት በላይ መልካም አገልጋይ መስሎ እምነት ያተረፈ ነው። ችግሩ በሙከራ ላይ ከነበሩ ስሪቶች አልፎ ወደ አብዛኛው ሰርቨር ሳይደርስ ተያዘ። ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን። እርሱ በግማሽ ሰከንድ ተጠራጠረ፤ እኛ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ስንራገም ከረምን።

አሁን ጠዋት ጠዋት አንዳችን፣ ከፈጅር በኋላ ሻይ ሲፈላ፣ ሎጉን ያየዋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማን ገባ፣ ከየት ገባ፣ ፕሮሰሰሩ ስንት ላይ ነው። ከመሐላችን አንድ ሰው ሲወጣ አካውንቱ በዚያው ቀን ይዘጋል፤ ይህን መጀመሪያ ሲሰሙት እንደ መጠራጠር የሚቆጥሩት አሉ። እኛ ግን ያ የወጣው ወንድማችን በሐሰት የተጠረጠረው አካውንቱ ክፍት ስለነበረ ጭምር ነው ብለን እናስባለን፤ ዝግ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ስሙ ባልተነሣ።

ባለፈው ረመዳን የታተመው ዝርዝር ላይ ስም አልነበረም። የዚያች እናት ድርሻ "214" የሚል ቁጥር ተለጥፎበት፣ ከተራዊሕ በኋላ በጓሮ በር ደርሷል። ያደረሰው ልጅ የማን ቤት እንደሆነ እንጂ ለምን በጓሮ በር እንደሆነ አያውቅም፤ ጠይቆንም አልነገርነውም። ይህን ጽፈን ከመለጠፋችን በፊት ሎጉን ከፈትነው። ከማናውቀው አገር አንድ ማሽን አሁንም "ቴስት" እያለ ያንኳኳል።